ቅዱስ አትናቴዎስ በስደት ሳለ መንጋውን እንዴት እንደ ጠበቀ

ቅዱስ አትናቴዎስን ካህናት በቅዳሴው፣ ሊቃውንት በሃይማኖተ አበው፣ ምእመናንም በግንቦት 7 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ ያውቁታል። ስለ ወልድ መለኮት የጻፈው ትምህርትና ከአርዮሳውያን ጋራ ያደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ተተርኳል። ነገር ግን ከነገሥታት ቍጣ በታች በኖረበት ዘመን፣ ከመንበሩ ርቆ ሳለ መንጋው ሳይበተንበት የቈየው በምን እንደ ሆነ የሚነገረው ጥቂት ነው። በእስክንድርያ መንበር አርባ ዐምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲኖር ዐምስት ጊዜ ተሰደደ፤ የስደቱም ዘመን ቢደመር ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ይሆናል። በዚያ ሁሉ ዘመን የጦር ሠራዊት ከእርሱ ጋራ አልነበረም፤ የቤተ መንግሥት ትእዛዝም አብዛኛውን ጊዜ በላዩ የወጣ እንጂ ለእርሱ የወጣ አልነበረም። በእጁ የቀረለት ክርታስና ቀለም፣ ደግሞም ሰውን ሁሉ በየስሙና በየጭንቀቱ የማወቅ ልማድ ነበረ። (ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አትናቴዎስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእስክንድርያ ተወለደ። በሊቀ ጳጳሳቱ በእለ እስክንድሮስ ቤት አደገ፤ ዲያቆንና ጸሓፊም ሆነለት። በ325 ዓ.ም. ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ በተሰበሰቡ ጊዜ ጌታውን ተከትሎ ሄደ። እለ እስክንድሮስ በ328 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ አትናቴዎስ በሰኔ ወር በመንበሩ ተቀመጠ፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ነበረና ተቃዋሚዎቹ ለሹመት ያልደረሰ ልጅ ነው እያሉ ያሙት ጀመር። የተረከባት ቤተ ክርስቲያን ሰላም የነበራት አይደለችም። ባንድ ወገን የአርዮስ ወዳጆች በቤተ መንግሥት በርትተው ነበረ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ከቀድሞው ስደት ዘመን ጀምሮ የተለዩት የመላጥዮስ ተከታዮች በየአውራጃው የራሳቸውን ጳጳሳት አቁመው ይከራከሩ ነበር።

እንዲህ ያለ ሹም በከተማው ቅጥር ውስጥ ተቀምጦ ደጋፊዎቹን ቢያበረታ ባልተነቀፈ ነበር። እርሱ ግን በተሾመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በመርከብ ወደ ላይኛው ግብጽ ወጣ፤ ቈላውንና ገዳማቱን እየዞረ ጐበኘ። በዚያ ጕዞ የሆነውን ነገር የአባ ጳኵሚስ ገድል ጠብቆልናል። የአገሩ ኤጲስ ቆጶስ ጳኵሚስን ቅስና እንዲሾምለት አትናቴዎስን ለምኖ ነበር። ጳኵሚስ ግን ሹመት በመነኮሳት መካከል ቅንዓትን ያመጣል ብሎ ይፈራ ነበርና ሊቀ ጳጳሳቱ ሲያልፍ ከልጆቹ መካከል ተሸሸገ። አትናቴዎስ ይህን ባወቀ ጊዜ አስፈልጎ አላስያዘውም፤ እንደ ናቀውም አልቈጠረበትም። በልጆቹ በኩል የአክብሮት ሰላምታ ልኮለት፣ የወደደውንም አኗኗር ትቶለት አለፈ። በዚያ ዘመን መነኮሳትን በግድ አስይዞ መሾም እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ዝምታ ከብዙ ቃል ይበልጥ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የንጉሡ ጭፍሮች አትናቴዎስን ሊይዙ በመጡ ጊዜ በራቸውን የቈለፉት የጳኵሚስ ልጆች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የሚቀርበው ነገር የተደረገውም፣ ሩፊኖስ የሚባለው ታሪክ ጸሓፊ እንደሚለው፣ አትናቴዎስ ገና አዲስ ሹም በነበረበት ጊዜ ነው። የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ በልጅነቱ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋራ በባሕር ዳር ተማርኮ በአክሱም ቤተ መንግሥት አደገ፤ በንጉሡም ቤት ታመነ። ነጻ በወጡ ጊዜ ወንድሙ ወደ ዘመዶቹ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ አገሩ አልሄደም፤ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በዚያ ሩቅ አገር ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ለመነ። አትናቴዎስ በዚያ ጊዜ በአርዮሳውያንና በመላጥዮሳውያን ነገር ተከቦ ነበር። የማያውቀው መንገደኛ ከማያውቀው አገር መጥቶ የሚነግረውን ለጸሓፊ አስጽፎ ማሰናበት ይችል ነበር። እርሱ ግን ካህናቱን ሰብስቦ ታሪኩን ሁሉ በጥሞና ሰማ። ከሰማም በኋላ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ፣ የሕዝቡን ጠባይ የለመደ፣ የንጉሡንም ፊት ያየ ሰው በፊቱ ቆሞ ሳለ ሌላ መፈለግ እንደማያስፈልግ ተረዳ፤ ለማኙን ራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ መለሰው። በዓለ ሢመቱ ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ዕረፍቱም ሐምሌ 26 ቀን የሚከበረው አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ይህ ነው።

በ335 ዓ.ም. ጠላቶቹ በጢሮስ ጉባኤ አቁመው ከሰሱት። ከክሶቹ ሁሉ የሚያስፈራው ነፍስ መግደል ነበረ። ከመላጥዮስ ወገን የሆነ አርሳንዮስ የሚባል የሂጵሴሌ ኤጲስ ቆጶስ (ይህ የገዳሙ አባት ታላቁ አርሳንዮስ አይደለም) ከአገሩ ጠፍቶ ነበርና፣ አትናቴዎስ ገድሎታል፣ ለአስማትም እጁን ቈርጦታል እያሉ አወሩ፤ የደረቀ የሰው እጅም በሣጥን ይዘው ያሳዩ ነበር። አርሳንዮስ ግን በሕይወት ነበረ፤ ከሳሾቹ ሸሽገውት ሳለ የአትናቴዎስ ሰዎች አገኙት። ታሪክ ጸሓፊው ሶቅራጥስ እንደ ተረከው አትናቴዎስ በጉባኤው መካከል አስቀድሞ አርሳንዮስን በመልኩ የሚያውቁት እንዳሉ ጠየቀ፤ ብዙዎችም እንደሚያውቁት መሰከሩ። ከዚህ በኋላ በካባ የተሸፈነ ሰው አስገብቶ ፊቱን ገለጠላቸው። ቀጥሎም የካባውን አንዱን ወገን አንሥቶ አንድ እጁን አሳየ፤ ጥቂት ቈይቶ ሁለተኛውን ገለጠ፤ ሦስተኛው እጅ ከወዴት እንደ ተቈረጠም ይነግሩት ዘንድ ለከሳሾቹ ተወላቸው።

ይህ ታሪክ ስለ ብልሃቱ ሁልጊዜ ይነገራል። ከዚህ የሚበልጠው ግን በአርሳንዮስ ላይ ያደረገው ነው። ይህ ሰው በፈቃዱ ይሁን በሌላ ምክንያት ለጠላቶቹ መሣሪያ ሆኖ ነበር፤ በእርሱም ምክንያት የአትናቴዎስ ሕይወት ለጥቂት ሳትጠፋ ቀረች። ከተሸሸገበት ከተገኘ በኋላ ግን ከእርሱ ጋራ በአንድነት መኖር እንደሚሻ ደብዳቤ ጻፈለት፤ አትናቴዎስም ተቀበለው። በ347 ዓ.ም. በትንሣኤ መልእክቱ መጨረሻ በየሀገሩ ያሉትን ኤጲስ ቆጶሳት ስም ሲዘረዝር፣ በሂጵሴሌ ያለው አርሳንዮስ ከቤተ ክርስቲያን ጋራ እንደ ታረቀ ገልጦ ስሙን ከወንድሞቹ ስም ጋራ ጻፈው።

ይህንም ሲናገሩ አትናቴዎስ ከነቀፋ የራቀ ነበረ ማለት ተገቢ አይሆንም። ብዕሩ በመናፍቃን ላይ እጅግ የተሳለ ነበረ። በግብጽ ምድር ከተገኙት ክርታሶች አንዱ፣ በ335 ዓ.ም. ከመላጥዮስ ወገን የሆነ ሰው የጻፈው ደብዳቤ፣ የአትናቴዎስ ደጋፊዎች የወገኖቹን መነኮሳት እንደ ደበደቡ ይከሳል። ክሱ ከጠላት ወገን የመጣ ቢሆንም የዚያ ዘመን ጠብ ምን ያህል የመረረ እንደ ነበረ ያሳያል። እንዲህ በመረረ ጊዜ አንድ ጠላትን በስሙ ጠርቶ መመለስ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የጢሮስ ጉባኤ በእውነት እንደማይፈርድለት ባየ ጊዜ አትናቴዎስ በመርከብ ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ። ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ በፈረስ ተቀምጦ ወደ ከተማው ሲገባ ከጥቂት ሰዎች ጋራ በመንገዱ መካከል ቆመበት። ንጉሡ አስቀድሞ አላወቀውም፤ ባወቀውም ጊዜ ሊያነጋግረው አልወደደም፤ ሊያባርረውም ጥቂት ቀርቶት ነበር። አትናቴዎስ የለመነው ምሕረትን ወይም ሀብትን አልነበረም፤ ከሳሾቹ ተጠርተው በፊታቸው እንዲናገር ብቻ ነበር። ከሳሾቹ ግን በመጡ ጊዜ የቀድሞውን ክስ ትተው ከግብጽ ወደ ቍስጥንጥንያ የሚሄደውን የስንዴ መርከብ ሊያስቀር ዝቷል አሉ። የንጉሥን ከተማ እንጀራ የሚነካ ክስ ስለ ሆነ ቈስጠንጢኖስ ተቈጣ፤ በጋልያ ወዳለችው ወደ ትሪየርም ሰደደው።

በዚያ ሩቅና ብርዳም አገር ሳለ ያደረገው ነገር ለካህናት ልዩ ትምህርት አለው። ከጥንት ጀምሮ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት በየዓመቱ የዐቢይ ጾም መግቢያና የፋሲካ ቀን መቼ እንደሚውል ለግብጽ ሁሉ በመልእክት ያስታውቅ ነበር። የእኛም ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብን ለዚያው መንበር ለቅዱስ ድሜጥሮስ መስጠታቸው የታወቀ ነው። አትናቴዎስ በተሰደደ ጊዜ ይህን ሥራ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ነበረው፤ በአንዳንድ ዓመታትም መልእክቱን ሊጽፍ አልቻለም። ነገር ግን በቻለው ጊዜ ሁሉ ከተሰደደበት አገር ሆኖ ጻፈ፤ ረጅም ትምህርት ለመጻፍ ካልተመቸው ለእስክንድርያ ካህናት ጥቂት መስመር ይልክ ነበር። በሮም ሳለም ለወዳጁ ለጥሙይስ ኤጲስ ቆጶስ ለሰራጵዮን ስለ አርባው ቀን ጾም ጻፈለት፤ ሌላው ዓለም ሲጾም የግብጽ ሰዎች ሳይጾሙ ቢቀሩ መዘባበቻ እንዳይሆኑ በሕዝቡ ዘንድ እንዲያጸናው ለመነው። ሕዝቡ የሊቀ ጳጳሳቱን ፊት አያይም፤ ነገር ግን የትንሣኤን ቀን የሚቈጥረው እርሱ በነገረው ቀን ነበር። በመንበሩ ላይ በጭፍራ የተቀመጠው ሌላ ሰው ይህን ሊወስድበት አልቻለም።

ቈስጠንጢኖስ በ337 ዓ.ም. ስለ ሞተ አትናቴዎስ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሚከተለው ዓመት አባ እንጦንስ ከበረሓው ወርዶ ሁለት ቀን በእስክንድርያ ቈየ፤ ሕዝቡም ታላቁ መናኝ ከማን ጋራ እንደ ቆመ አየ። ይሁን እንጂ በ339 ዓ.ም. ጎርጎርዮስ የሚባል ሰው ከቀጰዶቅያ በጭፍራ ታጅቦ በመንበሩ ተቀመጠ፤ አትናቴዎስም ወደ ሮም ተሰደደ። ይህ ሁለተኛው ስደት ሰባት ዓመት ቈየ። በጥቅምት 346 ዓ.ም. በተመለሰ ጊዜ ሕዝቡና ሹማምቱ እስከ መቶኛው ምዕራፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። ስለዚያ ጊዜ ራሱ ሲጽፍ ስለ እልልታውና ስለ አጀቡ ብዙ አልተናገረም፤ የተናገረው በዚያ ደስታ ስንት ወጣቶች እንደ መነኰሱ፣ የተራቡና የተራቈቱ ድሀ አደጎችና መበለቶች ስንቶች እንደ ጠገቡና እንደ ለበሱ፣ እያንዳንዱም ቤት በጸሎት ብዛት ቤተ ክርስቲያን እንደ መሰለ ነው።

ከዚህ በኋላ በመጡት ዐሥር ዓመታት ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ ድራኮንትዮስ ለሚባል መነኩሴ የተጻፈ ነው። ድራኮንትዮስ የታናሺቱ ሄርሞጶሊስ ኤጲስ ቆጶስ እንዲሆን ተመርጦ ከተቀባ በኋላ ፈርቶ ወደ በረሓ ሸሸ። የስደት ደመና እንደገና ሲከማች ይታይ ነበርና መፍራቱ አያስደንቅም። አትናቴዎስ በሥልጣኑ ሊያወግዘው ይችል ነበር። እርሱ ግን እንደ ወንድም ጻፈለት፤ ፋሲካ ሳይደርስ እንዲመለስ፣ ሕዝቡ በበዓል ቀን የሚመግበው አጥቶ እንዳይራብ ለመነው። ኤጲስ ቆጶስ የሆነ መነኩሴ ምናኔውን ያጣል የሚለውንም ፍርሀት፣ ገዳማዊ ሕይወታቸውን ሳይተዉ መንጋ የጠበቁትን መነኮሳት አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ አስወገደለት። ድራኮንትዮስም ወደ መንጋው ተመለሰ፤ ኋላም ስለ ሃይማኖቱ ከተሰደዱት ኤጲስ ቆጶሳት አንዱ ሆነ። በፍርሀት የሸሸው ሰው በሁለተኛው ጊዜ ስለ እውነት ተሰደደ።

356 ዓ.ም. ለአትናቴዎስ የመከራ ዓመት ነው። በጥር ወር አባ እንጦንስ በመቶ ዐምስት ዓመቱ ዐረፈ። ሊያርፍ ሲል ያለውን ንብረት ሁሉ አከፋፈለ፤ ንብረቱም ልብስ ብቻ ነበረ። ከሁለቱ የበግ ለምዶች አንዱን ለሰራጵዮን፣ ሁለተኛውን ደግሞ ይተኛበት ከነበረው ካባ ጋራ ለአትናቴዎስ እንዲሰጡለት አዘዘ። ካባውን ቀድሞ አዲስ ሳለ የሰጠው አትናቴዎስ ራሱ ነበር፤ በእንጦንስ ዘንድ አርጅቶ ወደ ሰጪው ተመለሰ። አትናቴዎስ ይህን በገድለ እንጦንስ ውስጥ ጽፎታል፤ የተቀበሉትም ሰዎች ልብሱን እንደ ታላቅ ሀብት ይጠብቁት እንደ ነበረ ይናገራል። ሊቀ ጳጳሳት ለአንድ ሽማግሌ መናኝ ካባ መስጠቱ በየትኛውም የቤተ መንግሥት መዝገብ የሚጻፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በረሓው ሁሉ ለአትናቴዎስ መሸሸጊያ ሊሆን በነበረበት በዚያው ወር፣ የበረሓው አባት ልብሱን ለማን እንደ ላከ መነኮሳቱ ሁሉ አወቁ።

ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ በየካቲት 8 ቀን ሌሊት፣ ሕዝቡ ለማግሥቱ ቅዳሴ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ በማሕሌት ያድር ነበር። ሲርያኖስ የሚባል የጦር አለቃ ከዐምስት ሺሕ የሚበልጡ ወታደሮች ይዞ መጣ፤ ሰይፍ፣ ቀስትና ዱላ ይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡት። አትናቴዎስ በመንበሩ ተቀምጦ ነበር። በዚያች ሰዓት ያደረገው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ዲያቆኑ 135ኛውን መዝሙረ ዳዊት እንዲያነብ፣ ሕዝቡም በየስንኙ ምሕረቱ ለዘለዓለም መሆኑን እየመለሰ እንዲከተል አዘዘ። ዳዊት የሚደግም ሁሉ ይህ መዝሙር እንዴት እንደ ተሠራ ያውቃል፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ሁሉ የማይለወጠውን ቃል ይመልሳል፤ ማንበብ የማይችል፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ጨለማም ቢሆን ሊቀበለው ይችላል። ከዳዊት መዝሙራት ሁሉ በዚያች ሌሊት ለፈራ ሕዝብ የሚስማማ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ሁለተኛም ሕዝቡ ሁሉ ወደየቤቱ እንዲሄድ ነገረ።

በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ በገቡ ጊዜ ካህናቱ ፈጥኖ እንዲያመልጥ ለመኑት። እርሱ ግን ከሕዝቡ አንዱ እንኳ በውስጥ ሳለ አልነሣም አለ፤ ቆሞም እንዲጸልዩ አዘዘ፤ ከሕዝቡ ይልቅ እርሱ ቢጐዳ እንደሚሻል ቈጠረ። ብዙው ሕዝብ ከወጣ በኋላ በዚያ የቀሩት መነኮሳትና ካህናት በግድ ጐትተው አወጡት፤ ወታደሮቹ መቅደሱን ከበው ሳለ በመካከላቸው ሳይታይ አለፈ። በዚያች ሌሊት የተገደሉና የተረገጡ ነበሩ። ሕዝቡ ግን አልተበተነም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወድቆ የተገኘውን የወታደሮቹን መሣሪያ ለምስክር በዚያው ሰቀሉት፤ ሹማምቱ ሊያወርዱት በላኩ ጊዜም ነገሩ በሁሉ ዘንድ እስኪታወቅ አንሰጥም አሉ። የተደረገውንም በጽሑፍ አድርገው ለንጉሡ አቤት አሉ። መንፈሰ ጠንካራ ሕዝብ ነበረ፤ ጥንካሬውን ከማን እንደ ተማረ ግን ግልጥ ነው።

ከዚህ ሌሊት በኋላ ስድስት ዓመት ያህል በገዳማትና በበረሓ ተሸሸገ። ጠላቶቹ ፈሪ ነው እያሉ አላገጡበት። እርሱም ስለ ሽሽቱ መጽሐፍ ጽፎ መለሰላቸው፤ ጌታችንና ነቢያት ሐዋርያትም ጊዜያቸው እስኪደርስ ድረስ ከአሳዳጅ እንደ ራቁ አሳየ፤ ሊያፍር የሚገባውም የሸሸው ሳይሆን ያሳደደው እንደ ሆነ ገለጠ። ንጉሡ ቈስጠንጢዮስ በበኩሉ እስከ አክሱም ድረስ እጁን ዘረጋ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አብርሃና አጽብሐ ከሚባሉት ጋራ አንድ ናቸው ለሚባሉት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፤ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ የተሾመ ስለ ሆነ በእስክንድርያ መንበር በጭፍራ ወደ ተቀመጠው ወደ ጊዮርጊስ ዘቀጰዶቅያ እንዲላክና እንዲመረመር ጠየቀ፤ አትናቴዎስ ራሱ ወደ አክሱም እንዳይሻገርም ያስጠነቅቅ ነበር። የሮም ንጉሥ ስለ አንድ ስደተኛ ጳጳስ ይህን ያህል መጨነቁ የሚያስገርም ነው። አባ ሰላማ ግን እስከ ዕረፍቱ ድረስ በአክሱም መንጋውን እንደ ጠበቀ ቤተ ክርስቲያናችን ትመሰክራለች።

አትናቴዎስ ለታመመም፣ ለተጠራጠረም፣ ለመነነም ለየብቻው ይጽፍ ነበር። ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ ለማርቄሊኖስ የተጻፈው ነው፤ መቼ እንደ ተጻፈ በመልእክቱ ውስጥ አልተገለጠም። ማርቄሊኖስ ከታመመ በኋላ መዝሙረ ዳዊትን እያነበበ የየአንዳንዱን መዝሙር ምሥጢር ለመረዳት ይሻ እንደ ነበረ አትናቴዎስ ከመልእክተኛው ሰማ። ሊቀ ጳጳሳቱ የታመመ ሰው መዝሙር ያነባል ብሎ በምርቃት ብቻ አላለፈውም። ረጅም መልእክት ጽፎ፣ ያዘነ የትኛውን፣ የተሰደደ የትኛውን፣ የበደለና ንስሓ የገባ የትኛውን፣ ምስጋና የሞላበት የትኛውን መዝሙር እንደሚደግም አንድ በአንድ አመለከተው። ዳዊት የሰውን ነፍስ እንደ መስታወት እንደሚያሳይ፣ አንባቢውም የሌላ ሰው ቃል ሳይሆን የራሱን እንደሚናገር ሆኖ እንደሚሰማው አስተማረው። ዳዊት ለሚደግመው ለኢትዮጵያዊ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ነገር ግን የተጻፈው ለጉባኤ ሳይሆን ከሕመም ለተነሣ ለአንድ ሰው መሆኑን ማሰብ ያስደስታል።

ቈስጠንጢዮስ በ361 ዓ.ም. ሞተ፤ የተከተለው ዑልያኖስም የተሰደዱት ሁሉ እንዲመለሱ አዘዘ። አትናቴዎስ በየካቲት 362 ዓ.ም. ወደ ከተማው ገባ። በስድስት ዓመት ውስጥ ብዙዎች በፍርሀትና በግዴታ ለአርዮሳውያን ፈርመው ነበር፤ በስደት የጸኑት ደግሞ እነዚህን ሊቀበሉ አልወደዱም። አትናቴዎስ ከሁሉ ይልቅ የተጐዳ እርሱ ስለ ነበረ ፍርዱን ሊያጠነክር መብት ነበረው። በዚያው ዓመት ግን በእስክንድርያ ሃያ አንድ ያህል ኤጲስ ቆጶሳት ይዞ ጉባኤ አደረገ፤ በግድ የፈረሙት የኒቅያን ሃይማኖት ካመኑና አርዮስን ካወገዙ በሹመታቸው እንዲቀበሉአቸው ተወሰነ። ሌላም የከበደ ጕዳይ ነበር። በአንጾኪያ ያሉት ምእመናን በቃል ተለያይተው፣ ከፊላቸው አንድ፣ ከፊላቸው ሦስት አካላት እያሉ እርስ በርሳቸው ይወጋገዙ ነበር። አትናቴዎስ የቃሉን ፍጥጫ ትቶ ሁለቱንም ወገኖች በየተራ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቃቸው። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሲሉ የመለኮትን አንድነት፣ ሁለተኛዎቹም ሦስት ሲሉ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በእውነት መኖራቸውን እንጂ ሦስት አማልክትን አለማለታቸው ተገለጠ። በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ሆነው በሁለት ቃል ሲጣሉ እንደ ነበሩ አወቁ። የአንጾኪያ መለያየት በዚህ ጊዜ ፈጽሞ አልተፈወሰም፤ ነገር ግን ከስደት የተመለሰ ሽማግሌ ከመናገሩ አስቀድሞ መጠየቁ ለብዙዎች የመታረቅ መንገድ ከፈተ።

ዑልያኖስ ሰዎች ወደ ክርስትና መምጣታቸውን ባየ ጊዜ አትናቴዎስን እንደገና እንዲያባርሩት አዘዘ። ሕዝቡ ከብበውት ባለቀሱ ጊዜ ይህ ፈጥኖ የሚያልፍ ትንሽ ደመና መሆኑን ነግሮ አጽናናቸው፤ እርሱም በመርከብ ወደ ላይ ሄደ። አሳዳጆቹ በዓባይ ላይ እንደ ተከተሉት ሰማ፤ መርከበኞቹም በፍርሀት ወደ በረሓ እንዲወርድ ለመኑት። አትናቴዎስ ግን መርከቡን ወደ ታች እንዲመልሱት አዘዘ፤ አሳዳጆቹም በመንገድ ተገናኝተው ስለ አትናቴዎስ ቢጠይቁ ሩቅ አለመሆኑን ሰምተው ወደ ላይ ፈጥነው አለፉ። በዚያ ዘመን ከአባ ጳኵሚስ ልጆች አለቃ ከአባ ቴዎድሮስ ጋራ ተገናኘ። ቴዎድሮስ እንደ ተራ ሰው ሆኖ አትናቴዎስ የተቀመጠበትን አህያ ልጓም ይዞ በሕዝብ መካከል ሲመራ ታየ። አትናቴዎስም ወደ ገዳማቸው በገባ ጊዜ በክብር ቦታ ብቻ አልተቀመጠም፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የምግብ ቤቱን፣ የየመነኩሴውን ጎጆ፣ ሌሊት ተደግፈው የሚያድሩበትንም መቀመጫ ሳይቀር ዞሮ አየ። ዑልያኖስ በሰኔ 363 ዓ.ም. በፋርስ ጦርነት ሞተ፤ ደመናውም ከአንድ ዓመት ሳይዘልቅ አለፈ።

ዐምስተኛው ስደት በዋሌንስ ዘመን፣ ከ365 እስከ 366 ዓ.ም. ጥቂት ወራት ሆነ። ከዚህ በኋላ በሰላም ኖረ። በ367 ዓ.ም. በትንሣኤ መልእክቱ የሐዲስ ኪዳንን ሃያ ሰባት መጻሕፍት ዘርዝሮ ጻፈ። በሚያዝያ 368 ዓ.ም. አባ ቴዎድሮስ ዐረፈ። ቴዎድሮስ የገዳሙን አለቅነት ከአባ ሆርሲሲዮስ ተቀብሎ የያዘ ነበርና፣ ከሞቱ በኋላ ሸክሙ ወደ ቀድሞው አለቃ ተመለሰ። አትናቴዎስ ሰባ ዓመት ያህል ሞልቶት ሳለ ለሆርሲሲዮስ የመጽናኛ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ስለ ሞተው ወዳጃቸው እንዳያለቅስ፣ ይልቁንም መንጋውን በአለቅነት ተቀብሎ እንዲመራ መከረው።

አትናቴዎስ በ373 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ በመንበሩ የሚተካውን ጴጥሮስን ሾመ፤ ከዐምስት ቀን በኋላም በከተማው፣ በአልጋው ላይ፣ ዐረፈ። ጴጥሮስ በስደቱ ዘመን ሁሉ ከእርሱ ጋራ የደከመ ቄስ ነበር። ብዙ ሳይቈይ የንጉሡ ወታደሮች እንደገና ወደ ቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ ጴጥሮስም ከእነርሱ አምልጦ፣ ጌታው ከሠላሳ ዓመት በፊት በሄደበት መንገድ፣ ወደ ሮም በመርከብ ተሳፈረ።